ጊዜው ያለፈበት ፊልምና አልጎነበስ ያለ ወገብ

በዚህ ተረት ውስጥ ጅብ የለም፤ ጦጣም የለችም። ያለው ወገቡ አልታጠፍ ያለ አንድ ሽማግሌ ነው፤ እርሱም እኔ የአሰላው ወንድይፍራው ነኝ።

ባለቤቴ ብዙአየሁ አንዲት ትንሽ ነገር አማራት። ሐኪሙ ከዓይኗ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም እየሄደ ነው ብሏታል።

«ወንድይፍራው፣ ቀለም ከዓይኔ ሳይጠፋ ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ፣ ከአጥሩ ቀይ አበባ ሥር አብረን እንነሣ» አለችኝ። «የሰርጋችን ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነው። ከዚያ ወዲህ አንተ አንሺ እንጂ ተነሺ ሆነህ አታውቅም።»

በስልክ ተነሡ ያሉን ነበሩ። እኔ ግን ካሜራ እያለኝ በስልክ የምነሣ ሰው አይደለሁም፤ ይህንንም ደረቴን ነፍቼ ተናገርሁ። ደረት መንፋት ቀላል ነው፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ካሜራዬን ከሣጥን አውጥቼ «ብዙአየሁን አንሣት» አልሁት። ካሜራው «ያለ ፊልም አላነሣም» አለ። ካሜራ ይናገራል ወይ ትሉ ይሆናል። በእኔ ቤት ሁሉም ይናገራል፤ የማይደመጠው እኔ ብቻ ነኝ።

ወደ ጉርሜሳ ሱቅ ሄድሁ። ጉርሜሳ ከባትሪና ከጫማ ቀለም ኋላ ጊዜው ያለፈበት ባለቀለም ፊልም ደርድሮ ይሸጣል።

«ጉርሜሳ፣ ፊልም ሽጥልኝ። ካሜራው ያለ ፊልም አላነሣም አለ፤ ብዙአየሁም ፎቶግራፍ አማራት።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልፎበታል። ወጣቶቹ ቀለሙ ሲበላሽ ደስ ይላቸዋል፤ ሰማዩ ወይን ጠጅ ሆኖ ሲወጣ ያጨበጭባሉ። እርስዎ ግን ከዘራዎን ይዘው ነው የሚመለሱት።»

«የማን ጊዜ ነው ያላለፈው?» አልሁት።

«እሱስ ልክ ነዎት፤ ሲያዩዎትም ያስታውቃል» አለ ፊልሙን እየወለወለ። «ትብለጥ አጥባለሁ ካለች እሸጥልዎታለሁ።»

ትብለጥ በከተማችን የቀረች ብቸኛ ፊልም አጣቢ ናት።

«ትብለጥ፣ ፊልም እጠቢልኝ። ጉርሜሳ ትብለጥ ካላጠበች አልሸጥም አለ፤ ካሜራው ያለ ፊልም አላነሣም አለ፤ ብዙአየሁም ፎቶግራፍ አማራት።»

«ኬሚካሉ አለኝ፣ ጋሼ። የቧንቧው ውሃ ግን ሰሞኑን ዝገት ሆኗል። ያረጀ ፊልም በእሱ ካጠብሁት እትዬ ብዙአየሁ ጭቃ መስለው ይወጣሉ።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ ብዙም አይለወጡም። የጉድጓድ ውሃ ያምጡልኝ።»

ጉድጓዱ ከጎረቤቴ ከክንፈ ጋር የጋራችን ነው።

«ጉድጓድ ሆይ፣ ውሃ ስጠኝ። ትብለጥ ያለ ንጹሕ ውሃ አላጥብም አለች፤ ጉርሜሳ ትብለጥ ካላጠበች አልሸጥም አለ፤ ካሜራው ያለ ፊልም አላነሣም አለ፤ ብዙአየሁም ፎቶግራፍ አማራት።»

ጉድጓዱ «ያለ ቁልፍ አልከፈትም፤ ቁልፌም ክንፈ ዘንድ ነው» አለ።

እኔና ክንፈ ጠብ የለንም። ሰላምታም የለንም። በአባቶቻችን ሥርዓት ታናሽ ቀድሞ ለታላቁ እጅ ይነሣል፤ እኔ ደግሞ ታላቅ ነኝ። ችግሩ ክንፈም ታላቅ ነው። የተወለድንበትን ቀን የሚያውቁት እናቶቻችን አልፈዋል። ስለዚህ በየበራችን ቆመን፣ ታናሹ እስኪጀምር ስንጠብቅ አረጀን።

ክንፈ ከአጥሩ ማዶ ተቀምጦ ነበር። እርሱን ማነጋገር ስለማይገባኝ አጥሩን አነጋገርሁ።

«አጥር ሆይ፣ ቁልፍ እፈልጋለሁ። ጉድጓዱ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፤ ትብለጥ ያለ ንጹሕ ውሃ አላጥብም አለች፤ ጉርሜሳ ትብለጥ ካላጠበች አልሸጥም አለ፤ ካሜራው ያለ ፊልም አላነሣም አለ፤ ብዙአየሁም ፎቶግራፍ አማራት።»

ክንፈም ለአጥሩ መለሰ። «አጥር ሆይ፣ ለዚያ ልጅ ንገርልኝ፤ ቁልፉ ያለ ሰላምታ አይወጣም።»

እኔን «ልጅ» አለኝ። ወደ ቤቴ ተመለስሁና ወገቤን «ጎንበስ በል» አልሁት። ወገቤ «ለታናሽ አልጎነበስም» አለ። እውነቱን ለመናገር ለጫማዬ ክርም መጎንበስ ካቆመ ቆይቷል፤ እኔ ግን ክብር ነው እላለሁ።

ብዙአየሁ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ በረንዳ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ፊቷ ወደ አጥሩ ነው። ጉዳዩን በሥርዓቱ አስረዳኋት።

«ወገቤ ለታናሽ አልጎነበስም አለ፤ ክንፈ ያለ ሰላምታ ቁልፍ አልሰጥም አለ፤ ጉድጓዱ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፤ ትብለጥ ያለ ንጹሕ ውሃ አላጥብም አለች፤ ጉርሜሳ ትብለጥ ካላጠበች አልሸጥም አለ፤ ካሜራው ያለ ፊልም አላነሣም አለ፤ አንቺም…»

«ወንድይፍራው፣» አለች፣ «አበባው ረገፈ እንዴ?»

አበባው ከፊቷ ነበር። አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አልብሶት፣ እሳት መስሎ።

«አልረገፈም» አልኋት።

ባርኔጣዬን አውልቄ በክንፈ በር ገባሁ። ወገቤ ተንቋቋ፤ ቢንቋቋም ታጠፈ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ ክንፈ?»

ክንፈ ብድግ አለና ከእኔ ይልቅ ዝቅ ብሎ ጎነበሰ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ ወንድይፍራው?»

እንግዲህ ቀድሞ ቀና ያለ ሰው ታላቅ ነኝ ማለቱ ነው፤ ስለዚህ ማናችንም ቀና አላልንም።

«ቀና ይበሉ።»

«እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ አይገባም።»

ሚስቱ ዘርፌ ወጥታ በየክንዳችን ይዛ ባታቃናን ኖሮ ይህን ተረት የሚነግራችሁ አይኖርም ነበር።

ወገቤ ጎነበሰ፤ ክንፈ ቁልፉን ሰጠ፤ ቁልፉ ጉድጓዱን ከፈተ፤ ጉድጓዱ ውሃ ሰጠ፤ ትብለጥ አጥባለሁ አለች፤ ጉርሜሳ ፊልሙን ሸጠ፤ ካሜራውም ፊልሙን ጎረሰ። አንሺው ክንፈ ሆነ። እኔ ከብዙአየሁ ጎን እንደ ስልክ እንጨት ቆምሁ፤ ክንፈም ደጋግሞ አነሣን። መጨረሻ ላይ መሐረቧ ወደቀ፤ ላነሣላት ጎንበስ ስል ክንፈ ያኔም ካሜራውን ተጫነ።

ፊልሙ ሲታጠብ ቀጥ ብዬ የቆምሁባቸው ፎቶግራፎች ሁሉ ጉም ሆነው ወጡ። የተረፈችው የመጨረሻዋ ብቻ ናት። ሰማዩ ወይን ጠጅ ነው፤ ጥቁር ኮቴ አረንጓዴ ሆኗል። ቀሚሱ ግን ቢጫ ነው፤ አበባውም ቀይ።

ብዙአየሁ ፎቶግራፉን እስከ አፍንጫዋ አቀረበችው።

«ቢጫዬ ይኸው» አለች። «ቀዩም ይኸው። ይሄ ጎንበስ ያለው ማን ነው?»

«ባልሽ ነዋ» አለ ክንፈ።

«ተው እንጂ። የእኔ ባል አያውቅበትም» አለች፤ ጣቷን ከምስሉ ወገብ ላይ ሳታነሣም ሳቀች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ፎቶግራፉን ግን አሳየን አትበሉኝ። ብዙአየሁ ከትራሷ ሥር አድርጋዋለች፤ ለክንፈ ብቻ ታሳያለች። እርሱም ሊያየው በመጣ ቁጥር ደጃፉ ላይ እኔና እርሱ፣ ማን ቀድሞ እንደሚጎነበስ እንሽቀዳደማለን።