ጳጉሜን ያልቆጠረው መቶ በመቶ

እኔ ልተርት፣ እናንተ ፈትሹ።

ደብሬ የምትባል እናት የልጇን የሶልያናን የልደት ወረቀት ፈለገች። ያለዚያ ትምህርት ቤት አይቀበላትም፤ ምዝገባው ደግሞ ዓርብ ያልቃል። ሶልያና የተወለደችው ጳጉሜ ስድስት ነው። የወረዳው ኮምፒውተር «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለ።

«ልጅቷ ፊትህ ቆማ!»

«የለችም።»

ደብሬ ኮምፒውተሩን ወደሚያዘው ፕሮግራም ሄደች። «ኮምፒውተሩን አርመው፤ ኮምፒውተሩ ሶልያናን አይመዘግብም።»

«ማን ተቆጣኝና!» አለ ፕሮግራሙ።

ወደ ፈታሹ ሄደች፤ ፈታሽ ማለት ፕሮግራም ሲሳሳት እንዲቆጣ የተጻፈ ሌላ ፕሮግራም ነው። «ፕሮግራሙን ተቆጣው፤ ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩን አያርም፣ ኮምፒውተሩ ሶልያናን አይመዘግብም።»

«በጳጉሜ በኩል አላልፍም። ማን ገፋኝና!»

ወደ መቶኛው ሄደች። መቶኛው ፈታሹ ከፕሮግራሙ መስመሮች ስንቱን እንደነካ ይቆጥራል፤ ፕሮግራሙን በምንጽፍበት በቢሯችን ግድግዳ ላይ በአረንጓዴ ያበራል። «ፈታሹን ግፋው፤ ፈታሹ ፕሮግራሙን አይቆጣም፣ ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩን አያርም፣ ኮምፒውተሩ ሶልያናን አይመዘግብም።»

«የኔ እመቤት፣ መቶ ነኝ! ከዚህ በላይ ምን ልሁን?»

ወደ አለቃችን ወደ አቶ ሽመክት ሄደች። «ጋሼ፣ መቶኛውን ይጠይቁት፤ መቶኛው ፈታሹን አይገፋም፣ ፈታሹ ፕሮግራሙን አይቆጣም፣ ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩን አያርም፣ ኮምፒውተሩ ሶልያናን አይመዘግብም።»

«እህቴ፣ ለመቶው ኬክ ቆርሰንለታል፤ አሁን ምን ብዬ ልጠይቀው? ጳጉሜ እንደሁ ቶሎ ታልፋለች።»

የቀረሁት ጥግ ላይ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። «እህቴ፣ አንቺ አንድ በይኝ፤ አለቃሽ መቶኛውን አይጠይቁም፣ መቶኛው ፈታሹን አይገፋም፣ ፈታሹ ፕሮግራሙን አይቆጣም፣ ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩን አያርም፣ ኮምፒውተሩ ሶልያናን አይመዘግብም።»

ሶልያና ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ የለሁም እንዴ?»

ለቱሪስት አሥራ ሦስት ወር አለን እንላለን። መቶው እንዲሞላልኝ የጳጉሜን መስመሮች «እነዚህን አትቁጠር» ብዬ ከመቶኛው የደበቅኳቸው ግን እኔ ነኝ። ኬኩንም ሁለት ጊዜ ደግሜያለሁ።

«አለሽ፣ የኔ ልጅ» አልኩና «አትቁጠር» የምትለዋን ቃል አጠፋኋት።

መቶኛው ወደ ሰማንያ ዘጠኝ ወርዶ ቀላ። አቶ ሽመክት «ምን ሆነ? ማን ነካው?» እያሉ መቶኛውን ይጠይቁ ጀመር፣ መቶኛው ፈታሹን ይገፋ ጀመር፣ ፈታሹ ጳጉሜ ውስጥ ገብቶ «ስድስተኛው ቀን የታለ?» እያለ ፕሮግራሙን ይቆጣ ጀመር፣ ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩን ያርም ጀመር፣ ኮምፒውተሩም ሐሙስ ከሰዓት «ሶልያና፣ ጳጉሜ ስድስት» ብሎ ወረቀቱን ተፋ።

ተረቴን መልሱ፤ ኬክ ከመቁረሳችሁ በፊት ጳጉሜን አስታውሱ።