ቁርበት አንጥፉልኝ

ይህ ተረት የላም በረት የለውም፤ ያለው የቆዳ ጉድጓድ ነው።

በአንበሳ ግዛት ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። ደካማ ይሠራል፣ ብርቱ ይበላል፣ ቀበሮ ደግሞ ነገሩ ፍትሕ መሆኑን እየዞረ ያስረዳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን አንበሳም በልጅነቱ ሰምቶት ኖሮ፣ እንደነገሠ መጀመሪያ ያደረገው ከግዛቱ የሸረሪት ድር ማስጠረግ ነው። ቀጥሎ ማኅበር መጠጣት፣ ዕድር መግባት፣ ተሰብስቦ ጥላ ሥር መቆም ተከለከለ።

ወንዙ ዳር ያለው የቆዳ ማልፊያ የአያ ጅቦ ነበር። አያ ጅቦ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። በማያውቁት አገር መጥቶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፤ አነጠፉለት፤ ተቀመጠ። ቀና ሲሉ ጌታቸው ሆኖ አገኙት። አህያው፣ በሬው፣ ፍየሏ፣ በጓ በየራሳቸው ጉድጓድ ገብተው፣ በመካከላቸው የድንጋይ ካብ ተክቦ፣ በእምቧይ ውሃ የተነከረ ቆዳ ሲረግጡ ይውላሉ። የእምቧይ ውሃ ቆዳ ሲያለሰልስ የሞተውን ካልሞተው አይለይም፤ የሁሉም እግር ተልጦ ነበር። ሥራ ላይ የወደቀ ካለ ሥጋውን አያ ጅቦ ይበላዋል፤ ቆዳው ተመልሶ ጉድጓድ ይገባል።

«እኔ ሠራተኛ አላባርርም» ይል ነበር አያ ጅቦ። «ሞቶም ከእኔው ጋር ነው።»

ከሠራተኞቹ አንዷ እመት ዳለቻ የምትባል አህያ ናት። ባሏ ጫንያለው አንድ ቀን አንገቱን በካቡ ላይ አሻግሮ ለበሬው ለቡሬ «ማኅበር እንግባ፤ አንዳችን ስንወድቅ ሌሎቻችን ሥራ እናቁም» አለው። በማግስቱ ጫንያለው አዳልጦት ሞተ። እንዲያ ነው የተባለው። ብዙም ሳይቆይ በእመት ዳለቻ ጉድጓድ ውስጥ አዲስ ቆዳ ተጣለ፤ ጀርባው ላይ የጭነት ጠባሳ አለበት። ያን ጠባሳ ቁስል ሳለ ስትልሰው የከረመችው እሷ ናት።

ቀና ብላ አሠሪዋን አየች። አሠሪዋ በቅሎ ናት፤ ጫንያለው በጎረምሳነቱ ከአንዲት ፈረስ የወለዳት።

«ልጄ፣ ይኸ ቆዳ የማን ነው?» አለቻት።

«እኔ ምን አውቄ?» አለች በቅሎ። «እናቴ ፈረስ ናት።»

«እሱንማ መቼ ጠየቅሁሽ። እባክሽ ልቅበረው።»

«አያ ጅቦ መቀመጫዬ ነው ብለዋል። በደንብ ይልፋ ብለዋል። ርገጪ።»

ዳለቻ ረገጠች። ብታለቅስስ እምቧይ ውሃ ውስጥ ማን ያይላታል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የአህያ ሚስት ምን እንደምታደርግ ግን የተናገረ የለም። ቂሟን በሆዷ ያዘች። አያ ጅቦ በባሏ ቆዳ ላይ ተቀምጦ ሲያገሳ ሳታይ ብትሞት ትወድ ነበር፤ እሱ ቀድሞ ቢሞት ግን ይበልጥ ትወድ ነበር።

አያ ጅቦን ለጥፋቱ የጠራው ስስቱ ነው። አሮጌው ዝሆን ዕድሜውን ጨርሶ ሞተና አንበሳ በበዓለ ንግሡ ከዙፋኑ ሥር የሚነጠፍ የዝሆን ቆዳ አማረው። የዝሆን ቆዳ በየትኛው ጉድጓድ ይገባል? ሹመት የሸተተው አያ ጅቦ አላመነታም። ካቡን ሁሉ አስፈርሶ ጉድጓዶቹን አንድ አደረጋቸው፤ ሠራተኞቹንም አንድ ላይ ከተታቸው። ስንት ዘመን ያጠረውን አጥር በገዛ አፉ አፈረሰው።

ጎን ለጎን ሲረግጡ መጀመሪያ ተፋፈሩ። ኋላ ዳለቻ ከኮቴዋ ዓይኗን ሳታነሳ ተናገረች። «ጫንያለውን አላዳለጠውም።»

ቡሬ ቀንዱን ደፋ። «የተናገርሁበት እኔ ነኝ፣ እመት ዳለቻ። ጭድ ጨመሩልኝ። ቀንዴንም ጎኔንም ርገጪኝ፣ እንደወደድሽ አድርጊኝ።»

ዳለቻ ብዙ ረገጠች። «ለአንተ የሚተርፍ ቂም የለኝም» አለችው በመጨረሻ። «ሁሉንም ለአንድ አስቀምጬዋለሁ።»

«እሳቸው ከሌሉ ጭዱን ማን ይሰጠናል?» አለች በግ።

ፍየሏ ሳቀች። «እሱ ጭድ ያበቅላል እንዴ? የእኔ አያት አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ብላ ለመነችው፤ አመካኝቶ በላት። እኔ ልመና ሰልችቶኛል።»

«እና ምን እናድርግ ነው?» አለ ቡሬ።

«ሥራችንን» አለች ዳለቻ። «አንድ ላይ እንርገጥ። አቁሙ ሲሉን ብቻ አናቁም።»

«እኔ ፈሪ ነኝ» አለች በግ።

«ፍሪ። እየፈራሽ ርገጪ።»

አያ ጅቦ የለፋ ቆዳ ሲያይ ጠርዙን ሳይቆረጥም አያልፍም። በማለዳ እያነከሰ መጣና የጫንያለውን ቁርበት ጉድጓዱ አፍ ላይ አስነጠፈ። ከመቀመጡ በፊት ግን የዝሆኑን ቆዳ አይቶ ምራቁ መጣ።

«ለስልሷል?» አለ።

«እርስዎ ቢቀምሱት ይሻላል» አለች ዳለቻ። «ጣፋጩ መሐሉ ነው።»

ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት የበሬ ነገር ነው ይባላል፤ ያን ቀን የጅብ ሆነ። ወርዶ መሐል ላይ ጎንበስ ሲል ኮቴዎቹ ዙሪያውን ጠበቡ።

«አቁሙ» አለ። ከላይ በቅሎም «አቁሙ» አለች። ማንም አላቆመም። በጓ እየተንቀጠቀጠች ትረግጣለች።

ዳለቻ ወደ ላይ አየች። «አባትሽ ማነው?»

በቅሎ አጠገቧ የተነጠፈውን ቁርበት፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጠባሳ አየች። «አህያ ነው» አለችና ወረደች። አያ ጅቦ ለአሠሪነቷ የብረት ጫማ አስመትቶላት ነበርና ከሁሉ ይልቅ የከበደው የእሷ እግር ነው። አዘንሁ ብል ዋሸሁ።

ጫንያለውን ከወንዙ ማዶ ዋርካ ሥር ቀበሩት።

በበዓሉ ዋዜማ ቀበሮ የዝሆኑን ቆዳ ሊወስድ ከቤተ መንግሥት መጣ። «አያ ጅቦ የት አለ?» አለ አፍንጫውን ነፍቶ። «ደግሞስ እዚህ ቤት ለእንግዳ ቁርበት አይነጠፍም?»

ዳለቻ አነጠፈችለት። ተቀመጠ፤ በእጁ ዳበሰው።

«አለፋፉ ግሩም ነው። የማን ሥራ ነው?»

«የማኅበሩ።»

«የምን ማኅበር?» አለና ወደ ታች አየ። ቁርበቱ ዝንጉርጉር ነው፤ የኋላ እግሮቹም ከፊተኞቹ ያጥራሉ። ቀበሮ ሊነሣ ሲል ዙሪያውን ኮቴ ሞልቶ አገኘው።

«ይቀመጡ» አለች እመት ዳለቻ። «ለንጉሡ የሚያደርሱልን ቃል አለን። የወደቀ ይቀበራል፤ የቆሰለ ያርፋል፤ ማኅበራችን አይነካም። እምቢ ካሉም፣ የጉድጓዱ ስፋት የዝሆን ልክ መሆኑን ይንገሩልን።»