ከሰል የነካው ማግ

አንድ ሸማኔ ነበረ። ቆይ፣ አትቸኩልብኝ። «ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ኃጢአቴን ካወቀ፣ ለንስሐ አባቴ በአፌ መናገሬ ምን ይጨምራል? በልቤ ዝም ብዬ ብጸጸት አይበቃም ወይ?» ብለህ የጠየቅኸኝን ሰምቻለሁ። የጥያቄህ መልስ ያለው እዚህ ሸማኔ ዘንድ ነው።

ሸማኔው ከሁለት ሰዎች ጋር አንድ ሰፊ ቤት ተከራይቶ ይሠራ ነበር። በአንዱ ጥግ የእሱ የሽመና ዕቃ ተተክሏል። በመስኮቱ በኩል አንዲት ሴት ጠረጴዛዋን ዘርግታ የልብስ ንድፍ ታወጣለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። መሃል ወለሉ ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ምንጣፍ አንጥፈው ተመስጦ ያስተምራሉ፤ ዐይንን ጨፍኖ፣ ትንፋሽን እያዳመጡ፣ የተበተነ ሐሳብን መሰብሰብ። ሦስቱም ተዋደው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ።

ለቤቱ ደንብ አወጡለት። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ደወል ሲመቱ ሁሉም ሥራውን ትቶ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል፤ ደወሉ ዳግመኛ እስኪመታ የሚነሣ የለም። አዲስ ሸማ ሲደርስም መቀስ ሳይነካው ወለሉ ላይ ይዘረጋል። ሦስቱም እጃቸውን ጭነውበት በዝምታ ይቆያሉ። ከዚያ ሴትዮዋ «ያልተነገረ አለ?» ብላ ሦስት ጊዜ ትጠይቃለች። ክሩ ሳስቶ እንደሆነ፣ ልኩ ተዛብቶ እንደሆነ፣ ሰው ተቀያይሞም እንደሆነ የሚነገረው ያን ጊዜ ነው። መልስ ካጣች ትቆርጣለች።

በታኅሣሥ ወር አንዲት እናት ልጇን በጥር ልትድር ክር ይዛ መጣች። ማጉን ዓመት ሙሉ በገዛ እጇ ፈትላዋለች። ሸማኔው ልቃቂቶቹን ጣሪያው ሥር ሊሰቅላቸው ሲል ደወሉ ተመታ። ቀድሞ መቀመጥ ይወድ ነበርና ወለሉ ላይ ጥሏቸው ሮጠ።

ዐይኑን እንደጨፈነ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ጣሪያው ያፈሳል። ጠብ፣ ጠብ ሲል ይሰማዋል፤ ክሩ ላይ እንደሆነም ያውቃል። ተነሥቶ ቢያነሣው ምን ነበረበት? ግን ቢነሣ፣ ልቡ ከክር ጋር እንደነበር ይታወቅበታል። እሱ ደግሞ በዚያ ቤት የተመሰገነው ባለመነቃነቁ ነው። እናም ጠብታውን እየቆጠረ ቁጭ አለ።

ሲነሡ አንዱ ልቃቂት በስብሷል። ጓደኞቹ ሳያዩ ከሰል አያይዞ ሊያደርቀው አስጠጋው። ለአፍታ ዞር ቢል ክሩ ጠይሞ ጠበቀው። ሲስበው ብጥስ አለ። እንዲህ ያለውን ክር ከየት ያመጣል? የእናትየውን ዓመት በምን ይመልሳል? በሳሙና እያጠበ፣ እያጠበ አነጣውና ከደኅናው ጋር ሸመነው። ከሸማው መሃል አንድ ጋት የሚያህል የተቃጠለ ማግ ገባበት። ለዐይን አይታይም።

ሸማው ተዘረጋ። ሦስቱም እጃቸውን ጫኑ። ሸማኔው እጁን በዚያችው ጋት ላይ አሳረፈ፤ ሌላ እጅ እንዳይነካት ብሎ ነው። ሴትዮዋ «ያልተነገረ አለ?» አለች። እጁን አጥብቆ ጫነ። «ያልተነገረ አለ?» አሁን እናገራለሁ አለ፤ ግን ሦስተኛውን ጥያቄ ጠበቀ። «ያልተነገረ አለ?» በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ራሱን አጽናና። መቀሱ ሥራውን ጀመረ።

ሽማግሌው ትከሻውን መታ አደረጉትና «ዛሬስ ከሁላችን ርቀህ ሄደሃል፤ ሽፋሽፍትህ እንኳ አልተንቀሳቀሰም» አሉት። ፈርቶ የደረቀው ሰው ሰላም ያገኘ መሰላቸው። ይህ ስሕተት ዝምታን በሚያከብሩ ሰዎች ዘንድ ይበዛል፤ እኛ ካህናት ቤትም ሞልቷል።

የሰርጉ ቀን ሸማኔው ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ቆመ። ሙሽራይቱ በዚያ ሸማ ቀሚስ አምራ ገባች። ሽማግሌዎች በተርታ ተቀምጠዋል፤ እየዞረች ጉልበት ልትስም ነው። ጎንበስ ስትል የሸማው መሃል የዋለበት ጀርባዋ ይወጠራል። አሁን ተቀደደ ይላል፤ ቀና ትላለች። ወደሚቀጥለው ጎንበስ ስትል ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች። ሰው ሁሉ ፊቷን ያያል፤ እሱ ጀርባዋን ብቻ። የመጨረሻውን ጉልበት ሳመች፤ ቀሚሱ አልተቀደደም። እልልታው ቀለጠ። እናትየው መጥታ ጉንጩን አገላብጣ ሳመችውና «እጅህ ይባረክ» አለችው።

ምርቃቱን ሊሸከመው አልቻለም። ዛሬ ያልተቀደደው ነገ በመልሱ ይቀደዳል፣ በክርስትናው ይቀደዳል ብሎ አሰበ። ከድንኳኑ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሥራ ቤቱ ሄደ፤ ዕቃውን ነቅሎ፣ ማንንም ሳይሰናበት ከተማውን ለቀቀ።

በሌላ አገር ሰባት ዓመት ሸመነ። ሸመነ ካልነው ነው። ክር ሁሉ የተቃጠለ ይመስለው ጀመር። እያንዳንዱን ይስባል፣ ይስባል፤ ደኅናውም በመሳቡ ብዛት ይበጠሳል። በመንገድ ሴት ስትጣራ ከሰማ ያች እናት ናት ብሎ ግድግዳ ይታከካል። በመጨረሻ አንድ ነጠላ ለመጨረስ አቃተው። ሞቴ ካልቀረ እዚያው ልሙት ብሎ ተመለሰ።

ሴትዮዋን ከመስኮቷ ሥር አገኛት፤ ጠጉሯ ሸብቷል። ገና ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «እትዬ፣ የዚያች ሙሽራ ሸማ ማጉ ከሰል ነክቶት ነበር። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አላት። ሰባት ዓመት የፈራው ንግግር ይህን ያህል አጭር ነበር።

«አውቃለሁ» አለች ሴትዮዋ።

«ምን?»

«እጅህን ከዚያች ቦታ አላነሣም ብለህ አልነበር? ስትወጣ ብስባት ተበጠሰች። ቆርጬ አወጣኋትና የድስት መያዣ አደረግኋት። ቀሚሱ ውስጥ አንዲትም የተቃጠለ ክር አልገባችም።»

ሸማኔው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ታዲያ እኔ ሰርጉ ላይ ምን ስፈራ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሦስት ጊዜ ጠየቅሁህ!» አለች ተቆጥታ። ከዚያ ድምፅዋ ላላ። «እስክትናገር ልጠብቅህ ብዬ ነው። የእኔም ጥፋት አለበት። በሰርጉ ማግሥት ልነግርህ ስመጣ ቦታህ ባዶ ነው። የት ብዬ ልፈልግህ?» ሁለቱም አለቀሱ።

እንግዲህ ልጄ፣ ሸማኔው ጥፋቱን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ሴትዮዋም ታውቅ ነበር። እሱ ያላወቀው ጥፋቱ ከቀሚሱ መውጣቱን ነው፤ ያችን አንዲት ወሬ ባለመስማቱ ሰባት ዓመት ከሰለ። አንተም «አምላክ ያውቃል» ትለኛለህ። ያውቃል እንጂ! እሱ ኃጢአትህን ምን እንዳደረገው ግን አንተ አታውቅም። ወደ እኔ ወደ ንስሐ አባትህ የምትመጣው ለእግዚአብሔር ያልሰማውን ልታሰማ አይምሰልህ፤ አንተ ያልሰማኸውን፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» መባልን ልትሰማ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት መድኃኒቱ ጠፍቶ አይደለም።

ደግሞም ጥያቄህን ስትጠይቀኝ በር በሩን ስታይ አይቻለሁ። ለክርክር የመጣ ሰው በር በሩን አያይም። በል፣ በሩን ገርበብ አድርገውና ተቀመጥ። ከየት እንደምትጀምር ከጠፋህ፣ በጣም ከምትፈራው ጀምር።