ስሟን ያልጠራው ወጌሻ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ወጌሻ ነው። ቆይ ልጄ፣ ኮምፒውተርሽን ክደኚውና ስሚኝ። «ለጥናታችን ከሆስፒታሉ የወሰድነው የበሽተኞች መረጃ ስሙ ተሰርዟል፤ ታዲያ የማንን ፈቃድ እንጠይቃለን?» ብለሽኝ የለ? መልሱ ያለው እዚህ ወጌሻ ቤት ነው።

ይህ ወጌሻ የወለቀ ይመልሳል፣ የተሰበረ ይጠግናል። እጁ የተባረከ፣ ሐሳቡ ግን ዕረፍት የማያውቅ ሰው ነበር። ዝናብ በራቀበት በአንድ ክፉ ዓመት፣ ሳይወድቁና ሳይመቱ እግራቸው የተያዘ ሰዎች በዙበት። አምና ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ዳገት ይወጣ የነበረ ጎልማሳ ዘንድሮ በምርኩዝ ይመጣል፤ ጉልበቱ እየተሳሰረ፣ በጣቶቹ እየረገጠ ይንገዳገዳል። ወጌሻው ቢያሸው፣ ቢስበው፣ የወለቀ ነገር የለም። አገሩ ግማሹ ብርድ ነው አለ፣ ግማሹ የሰው ዐይን ነው አለ። ወጌሻው ይህ አልዋጥ አለው። ምግብ ሲቀርብለት እጁ መሶቡ ላይ ይቀራል። «እነዚህን ሰዎች ምን አገናኛቸው?» እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል።

ስለዚህ እግር እያሸ ይጠይቅ ጀመር። እየታሸ ያለ ሰው መዋሸት ይከብደዋል። «ምን በልተህ ከረምህ?» ሲለው አንዱ አንገቱን ደፍቶ «ጓያ» ይላል። ሌላውም ጓያ። ጓያ በዚያ አገር ሌላው እህል ሲያልቅ የሚበላ የችግር እህል ነው፤ የበላው ሰው በላሁ አይልም።

ከሚመጡት መካከል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ የትልቅ ቤት እመቤት፣ ጎተራዋ ከሩቅ የሚታይ። እርሷም ስትጠየቅ መጀመሪያ «የምበላው ጤፍ ነው» አለች። ቆይታ እንባዋ መጣ።

«ጎተራው ባዶ ነው» አለችው። «ዘንድሮ ልጄን እድራለሁ። የቀረችኝን ጤፍ ለሠርጉ ብዬ አስቀምጬ እኔ ጓያ በልቼ አድራለሁ። ይህን ሰው ከሰማ ልጄን የሚወስዳት የለም። አደራዎን!»

«አደራዎን ተቀብያለሁ» አለ ወጌሻው።

ለእርሱ ግን ነገሩ የበራለት በእርሷ ነው፤ ባለ ጎተራዋ እንኳ የበላችው ጓያ ሆኖ ተገኘ። ዝም ቢል ገና ብዙ እግር ይሰበራል፤ ቢናገር አደራ አለበት። ሲወጣ ሲገባ፣ ሲነሣ ሲቀመጥ ሰነበተ። በመጨረሻ መላ ያገኘ መሰለው። «ስም ካልጠራሁ ምኑን አደራ በላሁት?» አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን ተነሥቶ ቆመ። «እግር የሚሰብረው ጓያ ነው» አለ። ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ «ድሃ በረሃብ ቢወድቅ ጓያው ምን አደረገ?» ብሎ ሳቀበት። ወጌሻው አያምኑኝ ይሆናል ብሎ ተጨነቀና ቸኮለ። «የድሃ ነገር ብቻ አይደለም! ስም አልጠራም እንጂ፣ ትልቅ ጎተራ ያላት፣ ዘንድሮ ልጇን የምትድር ሴት እንኳ እግሯ የተያዘው በጓያ ነው» አለ።

አዎን፣ ስም አልጠራም። ግን በዚያ አገር ባለ ትልቅ ጎተራ፣ ልጅ የምትድር፣ በምርኩዝ የምትሄድ ሴት ስንት አለችና! ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ዞሮ አያት። እርሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ውሎ ሳያድር የሙሽራው ወገን ሽማግሌ ልኮ «ይቅርብን» አለ።

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወጌሻው ዘንድ የሚመጣ ሁሉ መዋሸት ጀመረ። «ምን ትበላለህ?» «ጤፍ።» «አንተስ?» «ስንዴ።» አንዱማ እየተንገዳገደ «ቅቤ በዝቶብኝ መሰለኝ» አለው! ወጌሻው ግራ ገባው። ጤፍ የበላ ሰው እግሩ ከተያዘ ጥፋቱ የጓያ ላይሆን ነው። ያገኘውን እውነት ራሱ ተጠራጠረው። «ምናልባት ውኃው ይሆናል» ብሎ ምንጩን በእሾህ አሳጠረ፤ ሴቶቹ በከንቱ ሩቅ ወንዝ ወረዱ። የሚሰበረው እግርም አላቆመም።

አንድ ቀን በአገሩ የታወቀ ወጣት አራሽ በአባቱ ጀርባ ታዝሎ መጣ። «ምን ይበላ ነበር?» አለ ወጌሻው። አባትየው መሬት መሬት እያየ «ስንዴ» አለ። ልጁ በአባቱ ትከሻ ላይ አለቀሰ። ወጌሻው ያን ጊዜ ገባው፤ ሰዉ የሚፈራው በሽታውን ሳይሆን እርሱን ነው።

በነጋታው ትልቅ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ በዳይ እንደሚያደርገው አጎንብሶ ሴትዮዋ ደጅ ቆመ። «እሜቴ፣ በድያለሁ፤ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ!» አለ። ብዙ አቆመችው። ሰው ተሰበሰበ። በመጨረሻ በምርኩዟ ወጣች።

«ስምዎንስ አልጠራሁም ነበር» አለ ወጌሻው። ድንጋይ ተሸክሞም መሟገቱን አልተወም።

«አልጠሩም። ስሜን ደብቀውልኛል፤ እኔን ግን አልጠየቁኝም። ደጄን ያውቁት የለ? መጥተው ‹የእርስዎ ነገር የሰው እግር ያድናልና ልናገር?› ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«እምቢ ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ።»

«እምቢታውም የእኔ ነበር» አለች። «ደግሞ እምቢ እንደምል በምን አወቁ? እኔም እኮ የሰው እናት ነኝ።»

ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ ድንጋዩን በሁለት እጇ ይዛ ከአንገቱ አወረደችለት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ፣ «የበላሁት ጓያ ነው። ጎተራዬም ባዶ ነው። እግሬን ይኸው እዩት። የሚያፍር ካለ ከእኔ በኋላ ይፈር!» አለች።

የአራሹ አባት ከሰው መካከል «የእኔም ልጅ የበላው ጓያ ነው» ብሎ አለቀሰ። ሌላውም ተከተለ። ምንጩ ተከፈተ፤ ጓያ ለብቻው እንዳይበላ ያለው ለሌለው ከእህሉ አካፈለ። አዲስ የሚሰበር እግር እየቀነሰ ሄደ። የተሰበረው ግን አልዳነም፤ የልጅቷም ሠርግ በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያቺ ሴት ኮምፒውተርሽ ውስጥ አለች። ስሟን ሰርዘሽ ዕድሜዋን፣ ቀበሌዋን፣ ሕመሟንና የታከመችበትን ቀን ትተሻል። ለአንቺ ቁጥር ናት፤ ለጎረቤቷ ግን ራሷ ናት። ጥናትሽን ተይው አላልሁም፤ ዝምታም እግር ይሰብራል። ብቻ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ስንል፣ እንዲደብቅ ያደረገው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። ሰው ሐኪሙን የፈራ ዕለት መዝገብሽ ሁሉ ጤፍ በላሁ በሚል ሰው ይሞላል፤ አንቺም ምንጭ ስታጥሪ ትኖሪያለሽ።

የማንን ፈቃድ እንጠይቅ አልሽኝ? የእርሷን ነዋ! ደጇን አንቺ ባታውቂው ሆስፒታሉ ያውቀዋል። ድንጋይ ሳትሸከሚ ሂጂ።