በልብስ ጣፊው ቤት የተሸሸጉት መጻሕፍት

በእኛ በሾላ በር፣ ሰው ታሞ «ደህና ነኝ» ሲል ወይም ቸግሮት «ሞልቶልኛል» ሲል፣ አጠገቡ ያለው ሰው ምንም ሳይናገር የግራ ክርኑን በቀኝ እጁ ጨበጥ አድርጎ ያሳየዋል። ያኔ ሁለቱም ይስቃሉ። እንግዳ የሆነ ሰው ግን ምን እንዳሳቃቸው አይገባውም። ያ ክርን የአንድ አባባል ምልክት ነው፤ አባባሉ ደግሞ ታሪክ አለው። ነገሩ ሲሆን እዚያው ስለነበርኩ የምነግራችሁ የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው።

ከተማችን አንድ አስፋልት፣ አንድ መናኸሪያና አንድ ቤተ መጻሕፍት አላት። ቤተ መጻሕፍቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ከቀረ ወዲህ ቀኑን የማሳልፈው እዚያ ነበር። ከመስኮቱ ሥር ያለችውን ወንበር ሰው ሁሉ «የሱ ናት» ብሎ ትቶልኛል። ግማሹን ሰዓት አነባለሁ፣ ግማሹን የመናኸሪያውን አውቶቡሶች እያየሁ ያልሄድኩበት አገር እሄዳለሁ።

የክፍሉ ኃላፊ እትዬ የውብዳር ናቸው። መጀመሪያ የተቀጠሩት በጽዳት ነው። ፊደል የቆጠሩትም እዚያው፣ አቧራ እያራገፉ፣ የመጻሕፍቱን ርዕስ አንድ በአንድ አንባቢ እየጠየቁ ነው። ልጅ አልወለዱም። «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አንዱም ደህና ልብስ የለው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሽፋን ያለው መጽሐፍ ከስንት አንድ ነበር። ሲገነጠል ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የጋሽ ሙዘይን ሱቅ ይወስዱታል። ጋሽ ሙዘይን አዲስ ልብስ መስፋት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ሥራቸው የተቀደደ መጣፍ ነው። መጽሐፉንም እንደ ሱሪ በወፍራም ክር ሰፍተው ይመልሱታል።

በዚያ ዓመት፣ በሚያዝያ፣ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣ። ጣሪያው እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልታደሰ ክፍሉ የማዳበሪያ መጋዘን ይሆናል ይላል። እትዬ የውብዳር ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ አጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱና መደርደሪያ መወልወል ጀመሩ። ያንኑ አንድ መደርደሪያ ደጋግመው እንደሚወለውሉ ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ትንንሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን እንደሚረዳ በጋዜጣ ያየነው በዚያው ሳምንት ነበር። ቅጹን አስመጣን። የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ጋሽ ባንተይርጋ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ እንድሞላ ታዘዝኩ። አንደኛው ጥያቄ «ዋና ችግራችሁ ምንድን ነው?» ይላል።

«ጣሪያው ያፈሳል» ብዬ ጻፍኩ።

«አጥፋው!» አሉ ጋሽ ባንተይርጋ። እንደ ልማዳቸው የግራ ክርናቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ቆመዋል። አርባ ዓመት ሲያስተምሩ የለመዱት የክብር አቋቋም ይመስለኝ ነበር። «ገመናችንን ለማናውቀው ሰው?»

«ታዲያ ምን ልበል፣ ጋሼ?»

«ክፍሉ አየር እንደ ልብ ያገኛል በል።»

«በክረምት ውሃም እንደ ልብ ያገኛል» አሉ እትዬ የውብዳር ከመደርደሪያው ኋላ።

«የውብዳር፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ለማኝ መምሰል አለብን? ሰው የሚረዳው የተከበረን ሰው ነው።»

እትዬ የውብዳር ወደ መወልወላቸው ተመለሱ። እኔም ጥፋቴን ልናገር፦ ነገሩ አምሮኝ፣ ከራሴ ጨምሬ «የእውቀት ብርሃን ከየማዕዘኑ የሚፈስበት ክፍል» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ባንተይርጋ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ ሐሙስ አንዲት ባለሙያ መጥታ ታየናለች።

እንግዳ ሲመጣ ሾላ በር እንዴት እንደምትሆን ያላየ አያውቃትም። ሰርግ ያለበት ቤት ሳህን ከሰፈሩ ይዋሳል፤ እንዳይቀያየርም እያንዳንዱ ባለቤት ከሳህኑ ሥር በጥፍር ቀለም ነጥብ ያደርግበታል። እኛም መጽሐፍን እንደ ሳህን ተዋስን። ከፋርማሲው ወፋፍራም የሕክምና መጻሕፍት መጡ። ከሆቴሉ ባለቤት ቤት፣ ከመስታወት ቁም ሳጥን፣ ተከፍተው የማያውቁ ተከታታይ ጥራዞች መጡ። የሟቹ ዳኛ ባለቤት ባለ ወርቅ ጽሑፍ የሕግ መጻሕፍት ላኩ። ሁሉም ጀርባቸው ላይ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ ነጥብ አለባቸው። ግድግዳው ተቀባ። አንባቢዎቹም ጭቃ ይዘው እንዳይገቡ እስከ ዓርብ ድርሽ እንዳይሉ ተነገራቸው።

የተቀደዱትስ? ስድስት ጆንያ ሞሉ። ጋሽ ባንተይርጋ «እንግዳዋ እስክትሄድ ሙዘይን ጋ ይቆዩ» አሉ። እትዬ የውብዳር መንገዱን ሲሻገሩ ከጋሪው ጎን ጎን ሄዱ፤ ሆስፒታል የሚገባ ልጅ እንደሚሸኝ ሰው አንድ እጃቸው ጆንያው ላይ ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ወይዘሪት ምንትዋብ ከመኪና ወረደች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ትልቅ ቦርሳ አንግታለች፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ገብታ ዙሪያውን አየች። የዳኛውን መጽሐፍ አወጣች። ገጾቹ እርስ በርስ ስለተጣበቁ አልከፈት አላት።

«ይህ ቀይ ነጥብ ምንድን ነው?»

«ዘመናዊ አመዳደብ ነው» አሉ ጋሽ ባንተይርጋ ፈጠን ብለው።

«የውሰት መዝገቡን ማየት እችላለሁ?»

የድሮው መዝገብ ሽፋን ስለሌለው ጆንያ ውስጥ ገብቷል። ለሐሙስ የተገዛውን አዲሱን ሰጠናት። ገለጠችው፤ ባዶ ነው። ሌላ ገጽ ገለጠች፤ ባዶ ነው።

«አንባቢዎቹስ የት አሉ?»

«ሕዝቡ ታታሪ ነው፤ ሥራ ላይ ነው።»

ወይዘሪት ምንትዋብ ወደ እትዬ የውብዳር ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ምን ጎደላችሁ?»

የእትዬ የውብዳር እጅ ወደ ጉያቸው ሄደ፤ ደብዳቤው ወዳለበት። ነገር ግን ጋሽ ባንተይርጋ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ፤ ሰው ቤቱ ለመጣ እንግዳ የሚለውን እሳቸውም አሉት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም።»

እሷም ማስታወሻዋን ከደነች። «ደስ ይላል። በእውነት ደስ ይላል። እንግዲህ የባሰበት አለና ለሱ ይድረስ።» ተሰናበተችን።

ጋሽ ባንተይርጋ «አኮራናት!» እያሉ እጃቸውን ሲያፋትጉ፣ እትዬ የውብዳር አዲስ የተቀባውን ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ አሉ። ቀለሙ ነጠላቸውን ነካው። አላነሱትም።

ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። ሾፌሩ ግን ጎማ ሊያስነፋ ሄዶ ቆየ። ወይዘሪት ምንትዋብ እሱን ፍለጋ የመንገዱን ቦይ ስትዘል የቦርሳዋ ማንገቻ ተበጠሰ። ቦርሳውን በብብቷ ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ልብስ ሰፊ ይገኛል?»

«ዛሬ ዝግ ነው!» አሉ ጋሽ ባንተይርጋ ከኋላዬ። ከማዶ የጋሽ ሙዘይን የስፌት መኪና ይንቀጫቀጫል። እሷም ሰምታ ወደ ድምፁ ተሻገረች። እኔ ተከተልኳት።

በጋሽ ሙዘይን በረንዳ ላይ አሥር ያህል ሰው ነበር። በአግዳሚው ላይ፣ በጆንያው ላይ፣ በደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም ያነባሉ። ከቤተ መጻሕፍቱ ሲከለከሉ መጻሕፍቱን ተከትለው መጥተዋል። ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ወይዘሮ ዘርትሁን ሽፋን የሌለው ልብ ወለድ ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። የባንኩ ዘበኛ አቶ ጣሴ አናታቸው ላይ ቆመዋል።

«ዞር በል ጣሴ፣ ብርሃኑን ጋረድከኝ።»

«ጨርሺዋ! ከትናንት ጀምሮ አንድ ምዕራፍ ላይ ተኝተሽ!»

«እኔ ቀስ ብዬ ነው የምበላው፤ እንዳንተ አልውጥም።»

ጋሽ ሙዘይን ቀና አሉ። «ምን ሆነብሽ፣ ልጄ?»

«ቦርሳዬ ተበጠሰብኝ።»

«በብብትሽ ወትፈሽው እንዴት ልስፋው? አውጪውና ልየው። ያልተቀደደ ወደዚህ አይመጣም፤ ምን ያሳፍራል?»

ሰጠቻቸው። ክር እስኪያስገቡ ድረስ ከጆንያው አፍ አንድ መጽሐፍ አነሳች። ጀርባው በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ገለጥ ስታደርግ መሐሉ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ጮክ ብላ አነበበችው፦

«እዚህ ላይ ሁለት ገጽ ጎድሏል። ቀድሞ ያነበቡት ወይዘሮ ዘርትሁን እንደነገሩኝ፣ ልጅቷ ወንዙን ተሻገረች እንጂ አልሞተችም። አቶ ጣሴ ግን ሞታለች ይላሉ። አንባቢ ሆይ፣ ሙሉውን ያገኘህ እንደሆነ አስታርቀን። የውብዳር።»

«ሞታለች» አሉ አቶ ጣሴ።

«አፍህ ይቆረጥ፤ ተሻግራለች» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን።

ወይዘሪት ምንትዋብ አልሳቀችም። ሌላ መጽሐፍ ገለጠች፤ እዚያም ወረቀት አለ። ሌላም፤ አለ። የጠፋው ገጽ ሁሉ ሲያነብ የኖረ ሰው ትዝታ ተለጥፎበታል።

«አባባ፣ እነዚህ መጻሕፍት እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ከማዶ ተሰደው ነው» አሉ ጋሽ ሙዘይን ከስፌታቸው ሳይነሱ። «ዛሬ ትልቅ እንግዳ አለ ተባለና የተቀደደ እንዳይታይ ወደዚህ ጣሏቸው። እንግዳዋ ባዶ ቤት አይታ ሄደች አሉ፣ ምስኪን።»

ተከትለውን መጥተው ኖሮ፣ ከበረንዳው ሥር ጋሽ ባንተይርጋ በኃይል ሳሉ።

«ጉንፋን ያዘዎት እንዴ፣ ጋሽ ባንተይርጋ?» አሉ ጋሽ ሙዘይን።

ከጋሽ ባንተይርጋ ኋላ እትዬ የውብዳር መጥተው ቆመው ነበር። መጽሐፉን በእንግዳዋ እጅ ላይ ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለች ወይዘሪት ምንትዋብ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። መጽሐፍ ማበላሸት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይቅር በዪኝ። ግን የሚያነበው ሰው መሐል ላይ መንገድ ሲጠፋበት አሳዘነኝ።»

ወይዘሪት ምንትዋብ መጽሐፉን እንደያዘች ቀረበቻቸው። «ቅድም ምን ጎደላችሁ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀሽኝ ነበር። አፈርኩ።»

«አሁንስ?»

እትዬ የውብዳር ጋሽ ባንተይርጋን አዩአቸው። ጋሽ ባንተይርጋ ክርናቸውን እንደያዙ መሬት መሬት ያያሉ።

«ጣሪያው ያፈሳል» አሉ እትዬ የውብዳር። ይቺን ካወጡ በኋላ ሌላው ራሱ መጣ። «ከሦስተኛው መደርደሪያ በላይ ነው። ክረምት ሲገባ ሳፋ ደርድሬ፣ ሲሞላ እየደፋሁ እውላለሁ። ሙጫ የለኝም፤ የምለጥፈው በዱቄት ውሃ ነው፣ አይጥ ይወደዋል። እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልታደሰ ማዳበሪያ ይገባበታል።» ደብዳቤውን ከጉያቸው አውጥተው ሰጧት። «ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው። ሌላ የምሄድበት ቤት አላውቅም።»

በረንዳው ላይ ገጽ የሚገልጥ ሰው እንኳ ጠፋ። ወይዘሪት ምንትዋብ የከደነችውን ማስታወሻ ከፈተችና ብዙ ጻፈች። የተለጠፈውን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አነሳች።

«ወሳኟ እኔ አይደለሁም» አለች። «እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ጠዋት የምጽፈው አልነበረኝም፤ አሁን አለኝ።» ልትሄድ ስትል ዞር አለች። «ቀይ ነጥቡስ?»

«ከሟቹ ዳኛ ቤት የተዋስነው ነው» አሉ እትዬ የውብዳር። ያኔ ገና ሳቀች፤ እኛም ሳቅን።

ድርጅቱ የላከው የጣሪያ ቆርቆሮ በሰኔ መጀመሪያ መጣ። አራት ካርቶን መጽሐፍና አንድ ባልዲ ሙጫም አብሮ መጣ። ተዋስነው የነበረውን በየነጥቡ ለየባለቤቱ መለስን፤ ስደተኞቹም በጋሪ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ የወረደ ቀን ክፍሉ ሞልቶ ነበር። እትዬ የውብዳር ከልማድ የተነሳ ሳፋ ደርድረዋል። ሁላችንም መጽሐፋችንን ይዘን ወደ ላይ አንጋጠናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሳፋው ግን ደረቅ ነው። እትዬ የውብዳር አንዱን ሳፋ አነሱ፣ ውስጡን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ገልብጠው ተቀመጡበት። ቀኑን ሙሉ አልተነሱም።

ጋሽ ሙዘይን የመጨረሻዎቹን የተሰፉ መጻሕፍት ይዘው መጥተው በዝናቡ ታግደው ነበር። ጋሽ ባንተይርጋን ትክ ብለው አይተው ቆዩ።

«ጋሽ ባንተይርጋ፣ ያን ክርን ስንት ዓመት ያዙት?»

«የቱን ክርን?»

«ግራውን።»

ጋሽ ባንተይርጋ ወደ እኔ አዩ፤ ወደ እትዬ የውብዳር አዩ። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱ። የኮታቸው ክርን የሻይ ብርጭቆ አፍ በሚያህል ቀዳዳ ተበልቷል፤ ሸሚዛቸው ይታያል።

የሳቀ ሰው የለም። እኔ ተነስቼ ወንበሬን ሰጠኋቸው። እትዬ የውብዳር ከሳፋቸው ላይ ሆነው «ይቀመጡ ጋሼ፤ ጣሪያውስ አልቆልን የለ» አሏቸው። ጋሽ ሙዘይን ከራሳቸው ኮት ኮሌታ ላይ መርፌ ነቅለው ክሩን በምራቃቸው አራሱና፣ የጋሽ ባንተይርጋን ክርን ወደ መስኮቱ ብርሃን እየሳቡ፣ «ቀዳዳውን የሸሸገ ጣፊ አያገኝም» አሉ።