የኢሶሀማ ሴቶች የባሕር ስም

በጃፓን ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ተራራው እስከ ውሃው አፋፍ በሚወርድበት ቦታ፣ ኢሶሀማ የምትባል የጠላቂ ሴቶች መንደር አለች ይባላል። ሴቶቿ ትንፋሻቸውን ይዘው እስከ ባሕር ወለል እየጠለቁ፣ አዋቢ የተባለውን ከዐለት ጋር የሚጣበቅ ቅርፊታም ፍጥረት እየፈነቀሉ ያወጣሉ። አንዲት ሴት መጥለቅ ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ ግን ማንም በስሟ አይጠራትም። አንዷ ታኮ ናት፣ ባለ ስምንት ክንዱ፤ ሌላዋ ካኒ ናት፣ ሸርጣኑ፤ ያቺኛዋ ደግሞ ኡኒ ናት፣ ባለ እሾኹ። እንግዳ ዳር ቆሞ የአንዷን እውነተኛ ስም ቢጣራ ባለስሟ ዞራ አታይም። የገዛ ልጇ ቢሆን እንኳ አታይም። ሽማግሌዎቹ ነገሩ የተጀመረው በሁለት እኅትማማቾች ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ በጥንቱ ዘመን ልማዱ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ጠላቂዋ ወገቧን በገመድ ታስራ ስትወርድ፣ የገመዱን ጫፍ የያዘችው ዘመዷ ጀልባ ላይ ሆና ስሟን እያስረዘመች ትጣራ ነበር፤ ከታች ያለችው ድምፁን እየሰማች ወደ ሰው እንድትመለስ ነው። ፍቅር ነው ብለው ነው፤ ሞኝነትስ ሞኝነት ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ስንትና ስንት ትውልድ የእናትና የልጅ ስም ባሕሩ ላይ ሲበተን ሲኖር፣ ከታች የሚያዳምጥ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የእኅትማማቾቹ የታኤና የኪኑ እናት፣ ኦሺኖ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ወርዳ በዚያው ቀረች። ገመዷ ባዶውን ወጣ፤ ተቆርጦ ሳይሆን ቋጠሮው በእጅ ተፈትቶ። ከእሷ በኋላም ሌሎች እንደዚያው ቀሩ። በመጨረሻ ሳጋ የምትባል ጠላቂ በሕይወት ወጣችና ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «እናቴ ጠራችኝ። እናቴ እኮ ከሞተች ቆይታለች፤ ድምፁ ግን የራሷ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ መንደሩን ፍርሃት ወረሰው፤ ሴቶች ሰውነታቸውን ሲታጠቡ እንኳ ጆሯቸውን ውሃ ውስጥ መንከር ፈሩ። ሆኖም ተራራው እህል አያበቅልም፣ የራበው ልጅም ፈርቻለሁ ቢሉት አይሰማም፤ ስለዚህ እየፈሩም መውረዳቸው አልቀረም።

ታኤ ታናሿን እንደ ልጅ ያሳደገች ነበረች። ጆሮዋን ታማ መጥለቅ ስላቆመች ገመዱን የምትይዘው እሷ ናት። አንድ ማለዳ ኪኑ ልትወርድ ስትል የወገቧን ቋጠሮ እያጠበቀች፣ «እትዬ፣ አደራሽን ዝም እንዳትዪ። ድምፅሽን ከሰማሁ አልፈራም» አለቻት።

«መቼ ዝም ብዬሽ አውቃለሁ?» አለች ታኤ።

«ኪኑ… ኪኑ…» እያለች ስትጣራ ቆየችና ጉሮሮዋ ሲደርቅ ለአፍታ አረፈች። ጥሪው ግን አላረፈም። ከጀልባዋ ሥር፣ ከጥልቁ፣ የራሷ ድምፅ «ኪኑ… በዚህ በኩል ነይ፣ ኪኑ…» ማለቱን ቀጠለ። ገመዱ እጇን እየላጠ ወደ ጨለማው ይሮጥ ጀመር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። እንዳትጮኽ፣ ሁለቱም ድምፆች አንድ ናቸው፤ ኪኑ የትኛዋን ትመን? ስሙን ለባሕሩ ያስተማረችውም፣ ድምፁን ያዋሰችውም ራሷ ታኤ ናት።

ኩራጌ የሚሉት አጥንት የሌለው፣ እንደ አጥሚት የሚዝለገለግ፣ ሲነኩት እንደ ሳማ የሚለበልብ የባሕር ፍጥረት አለ። ኪኑ በልጅነቷ ኩራጌ ለብልቧት ጎረቤት እስኪሰማ ስላለቀሰች፣ እናታቸው ልታበሽቃት ስትፈልግ «ነይ እስቲ፣ አንቺ ኩራጌ» ትላት ነበር። ይህ ስም ከቤታቸው ደጃፍ ወጥቶ አያውቅም። ታኤ ፊቷን ባሕሩ ውስጥ ነክራ፣ ባላት ትንፋሽ ሁሉ «ኩራጌ! አንቺ ኩራጌ!» ብላ ጮኸች።

ገመዱ ቆመ፤ ቀጥሎም ረገበ። ኪኑ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ወገቧ ላይ ያለው ቋጠሮ ግማሹ ተፈትቶ ነበር፤ የፈታችውም እሷው ራሷ ነበረች።

ባሕሩም አዲሱን ስም ሰምቶ «ኩራጌ፣ ኩራጌ» እያለ ተጣራ ይባላል። አቤት ብለው የመጡለት ግን እነዚያው አጥንት የለሾቹ ናቸው። ዛሬም የሙቀቱ ወራት ሊያልቅ ሲል ወሽመጡ በኩራጌ ሲሞላ፣ ሽማግሌዎቹ «ኪኑን እየፈለጋት ነው» ብለው ሴቶቹን ከውሃ ያስወጣሉ።

ኪኑ ከባሕሩ ብትተርፍም ከፍርሃቷ አልተረፈችም። ታኤ ከጓሮ «ኪኑ!» ስትላት የበሩን መቃን ጨብጣ ትቀር ነበር፤ የምትጠራት እኅቷ መሆኗን ማመን አቃታት። አንድ ቀን እያለቀሰች፣ «እትዬ፣ በሞቴ፣ በዚያ ስም አትጥሪኝ» አለቻት። ታኤም እስክትሞት ድረስ አልጠራቻትም። ሌሎቹ እናቶችም ይህን አይተው የየልጆቻቸውን ስም ዋጡ፤ በምትኩም የባሕር ፍጥረት ስም አወጡላቸው።

ከዚያ ወዲህ በኢሶሀማ አንዲት ልጅ ለመጥለቅ ስትደርስ፣ እናቷ ባሕሩ ወደማይታይበት፣ ከተራራው ጀርባ ትወስዳታለች። የባሕር ስሟን ጆሮዋ ላይ ከማንሾካሾኳ በፊት፣ ስትወለድ ባወጣችላት ስም ቀስ ብላ ትጠራታለች። ልጅቷም «አቤት፣ እናቴ» ትላለች። እናቲቱ አንዴ ብቻ ደግማ መጥራት ይፈቀድላታል፤ አብዛኞቹ ግን ሁለተኛውን መጨረስ ያቅታቸዋል ይባላል።