አማዪ ከታች፣ ቤቱ ከላይ

ጆሯችሁን አውሱኝማ፤ የዛሬዋ ተረት ደረጃ ትወጣለች።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ረጅም ሕንፃ ላይ፣ ቺሶሞ የምትባል የማላዊ ሴት አሥራ አንደኛ ፎቅ ተከራይታ ገባች። የበቆሎ ዘር ተመራማሪ ናት፤ ሥራ ነው ያመጣት። ከገባች ወር ሆኗታል፤ ከጎረቤቶቿ ግን አንዳቸውንም አታውቅም። ሊፍቱ ሁሉንም በር እያሳለፈ ነዋ የሚያወጣት! እሷም ከየበሩ ኋላ ማን ይኖር ይሆን እያለች ስትጓጓ ከረመች።

በፍልሰታ ጾም፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ እናቷ ከማላዊ መጡ። ቺሶሞ "አማዪ" ትላቸዋለች፤ በአገሯ ቋንቋ "እናቴ" ማለት ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። አብረን እንኑር ብላ ብትለምን ብትለምን፣ በስንት መከራ "እስቲ ልየው" ብለው ነው የመጡት። ታዲያ ሻንጣቸው ከታክሲ ሲወርድ መብራት እልም! የአማዪ ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይችልም። መግቢያው ላይ ወንበር ተሰጣቸውና ቁጭ ብለው ሕንፃውን ሽቅብ አዩት።

"ልጄ፣ ሰው እዚያ ላይ ወጥቶ ምን ያደርጋል? በይ ሆቴል ውሰጂኝ። ነገ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ" አሉ።

ቺሶሞ ክው አለች። አማዪ ያሉትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው። የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ ሊፍቱ ይውጣላት።

ወደ ዘበኛው ሮጠች። "ጋሽ ባይለየኝ፣ እባክዎ ጄኔሬተሩን ያስነሱልኝ።"

"እኔ ምን ከፋኝ? የክፍሉ ቁልፍ ግን አራተኛ ፎቅ፣ ከኮሚቴዋ ከወይዘሮ ትሁኔ ጋ ነው። ያውም ለማንም አትሰጥም፤ ራሷ ወርዳ ነው የምትከፍተው።"

ጄኔሬተሩ አይጮህም፣ ሊፍቱ አይወጣም፣ አማዪም ከታች ቁጭ ብለዋል። ቺሶሞ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች።

ትሁኔ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። "ውይ የኔ ቆንጆ! አሥራ አንደኛ የገባሽው እንግዳ አንቺ ነሽ? ግቢ፣ ግቢ!" ጉዳዩን ስትሰማ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እንግዳ ቤቴ ተቀምጦ እንዴት ጥዬ ልውረድ? አባረረችኝ ይበለኝ?"

ትሁኔ አትወርድም፣ ጄኔሬተሩ አይጮህም፣ ሊፍቱ አይወጣም፣ አማዪም ከታች ቁጭ ብለዋል።

እንግዳው አቶ ሰንበቱ ይባላል፤ ስድስተኛ ፎቅ ነው ቤቱ። የተኛ ሕፃን ታቅፏል። ቺሶሞ በቅን ልብ፣ "አቶ ሰንበቱ፣ ወደ ቤትዎ መቼ ይሄዳሉ?" አለችው። አያችሁ፣ እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ሰው ቤት የተቀመጠ እንግዳን አይጠይቅም። ትሁኔ በድንጋጤ አፏን ያዘች። ሰንበቱ ግን ሕፃኑ እስኪነቃነቅ ሳቀ።

"የቤቴ ቁልፍስ ኪሴ ውስጥ ነው። በሩ ነው እንጂ ከሚስቴ ከሙሉነሽ በቀር ማንንም የማይሰማው! እሷ ወደ ላይ ብድግ፣ ወደ ግራ ገፋ ታደርገዋለች። እኔ ስሞክረው ያሾፍብኛል። ፀጉሯን ልትሠራ ስምንተኛ ወጥታለች።"

ሰንበቱ አይሄድም፣ ትሁኔ አትወርድም፣ ጄኔሬተሩ አይጮህም፣ ሊፍቱ አይወጣም፣ አማዪም ከታች ቁጭ ብለዋል። ቺሶሞ ደረጃውን ተያያዘችው። እያለከለከች እንኳ ዓይኗ አላረፈም፤ እዚህ በር ላይ የተደረደረ ጫማ፣ እዚያ ኮሪደር ላይ የተሰጣ በርበሬ። ሊፍቱ ይህን ሁሉ ደብቋት ኖሯል!

ስምንተኛ ፎቅ ሙሉነሽ መሬት ላይ ትራስ አንጥፋ ተቀምጣለች። "በዚህ ራሴ ነው የምወጣው? እዪኝ እስቲ! በቀኝ ሹሩባ፣ በግራ ጎፈሬ! ይህን ምን ሻሽ ይችለዋል?" አለች።

ሙሉነሽ አትወጣም፣ ሰንበቱ አይሄድም፣ ትሁኔ አትወርድም፣ ጄኔሬተሩ አይጮህም፣ ሊፍቱ አይወጣም፣ አማዪም ከታች ቁጭ ብለዋል።

ሹሩባ ሠሪዋ፣ የቤቱ ባለቤት ሰናይት፣ ማበጠሪያዋን ጭኗ ላይ ጥላዋለች። "እህቴ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አባቴ ምሳ እንቢ ብሏል። ካልበላ ደግሞ መድኃኒቱን መዋጥ አይችልም። እሱ እንዲህ ሆኖ የሰው ፀጉር ልጎንጉን?" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ሰናይት አትሠራም፣ ሙሉነሽ አትወጣም፣ ሰንበቱ አይሄድም፣ ትሁኔ አትወርድም፣ ጄኔሬተሩ አይጮህም፣ ሊፍቱ አይወጣም፣ አማዪም ከታች ቁጭ ብለዋል።

ጥግ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አባባ ደጀኔ አሉ። ፊታቸው በዘይትና በበርበሬ የተሠራ ገንፎ ይቀዘቅዛል።

"አባባ፣ ለምን አይበሉም?"

"ልጄ፣ ሐኪሙም ብላ ብሎኛል፣ የንስሐ አባቴም ፈቅደውልኛል። ግን የጾሙ ሰዓት ገና ነው፤ ቤቱ ጿሚ፣ ጎረቤቱ ጿሚ። አብሮኝ የሚቆርስ ሰው የለም። እኔ በዕድሜዬ ብቻዬን በልቼ አላውቅም፤ አሁን አልጀምርም።"

አባባ አይበሉም፣ ሰናይት አትሠራም፣ ሙሉነሽ አትወጣም፣ ሰንበቱ አይሄድም፣ ትሁኔ አትወርድም፣ ጄኔሬተሩ አይጮህም፣ ሊፍቱ አይወጣም፣ አማዪም ከታች ቁጭ ብለዋል!

ቺሶሞ ገንፎውን አየችው፣ አባባን አየቻቸው። እናቷ ማታ ማታ ብቻቸውን ሲበሉ ታዩዋት።

"እኔ እኮ አልጾምም" አለች።

ሰናይት ብድግ ብላ ውኃ አመጣች። ቺሶሞ እጇን ታጠበች፤ ከገንፎው ቆንጠር፣ በመዳፏ ድብልብል፣ በርበሬው ውስጥ ጠለቅ አድርጋ ጎረሰች።

"ይቺን ማን አስተማራት?" አሉ አባባ፣ ቀና ብለው።

"እናቴ ናት። እኛም አገር የበቆሎ ገንፎ በእጅ ነው የሚበላው።"

አባባ ጠቀም ያለ ጉርሻ አዘጋጅተው አፏ ውስጥ ከተቱ። በርበሬው እንባዋን አመጣው። እሷም በተራዋ አጎረሰቻቸው። ከዚያማ ማን ያቁማቸው!

አባባ በሉ፣ መድኃኒታቸውን ዋጡ። አባባ ቢበሉ ሰናይት ሠራች። ሰናይት ብትሠራ ሙሉነሽ አምራ ወጣች። በሩን ብድግ፣ ገፋ ብታደርገው ተከፈተ፤ ሰንበቱ ሕፃኑን ታቅፎ ሄደ። ሰንበቱ ቢሄድ ትሁኔ ቁልፏን ይዛ ወረደች። ትሁኔ ብትወርድ ጄኔሬተሩ ጮኸ። ጄኔሬተሩ ቢጮህ ሊፍቱ በሩን ከፈተ። አማዪም ከወንበራቸው ተነስተው ገቡ፤ በሩጫ የወረደችው ቺሶሞ ሻንጣውን አስገብታ አሥራ አንድ ቁጥርን ተጫነች።

"የት ጠፋሽ? እኔን እዚህ ጎልተሽ ምግብ ትበያለሽ? አፍሽ ዘይት በዘይት ሆኗል!" አሉ።

ቺሶሞ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቁልፉን፣ እንግዳውን፣ በሩን፣ ሹሩባውን፣ ሽማግሌውን።

"እኚህ ሰውዬ ነገስ ከማን ጋር ነው የሚበሉት?"

ቺሶሞ ይህን አላሰበችበትም ነበር። አማዪ ጣታቸውን ዘርግተው ስምንት ቁጥርን ተጫኑ።

"አማዪ፣ ቤታችን እኮ አሥራ አንደኛ ነው።"

"ቤቱ የት ይሄድብኛል? መጀመሪያ ልተዋወቃቸው። እኔም ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል።"

ስምንተኛ ፎቅ ሲደርሱ አማዪ ቀሚሳቸውን አስተካክለው ወረዱ፤ ቺሶሞም ተከትላቸው ሮጠች። የረሱትን ሻንጣ ሊፍቱ ብቻውን ይዞት አሥራ አንደኛ ወጣ። የእኔም ተረት ከእነሱ ጋር ስምንተኛ ላይ ወረደች።